ከአንዲት የአምፑል ሶኬት የተነሳው ሰው

(በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ናይሮቢ፣ የቀረበ ንግግር)




የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ለወጣቶቻችን ስለ ሥራ ፈጠራ ትንሽ ንገርልን» ሲለኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ የተቃጠለ ሞተር የምጠቀልል፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ የምሠራ ሰው እንጂ ተናጋሪ አይደለሁም። ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ቤት ያለው ምጣድ የእኔ ሥራ ነው፤ ዓርብ ማታ እንጀራ በተሟሟቀ ሰዓት ሲቋረጥ የምትደውሉትም ለእኔው ነው።

ሐሳቤን ያስቀየሩኝ አንዲት እናት ናቸው። ከሦስት ወር በፊት ወርክሾፔ ድረስ መጡ። ስማቸውን አልጠራም፤ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። ልጃቸው በደህና ደመወዝ የሚሠራበትን መሥሪያ ቤት ለቆ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት ልገጣጥም ብሏል። «አንተን ጋሼ እያለ ያከብርሃል፤ እባክህ ምከርልኝ፣ ይኼን ነገር ይተወው» አሉኝ። እኔም ተው ማለትም በርታ ማለትም አቃተኝና፣ ሻይ አስመጥቼ የአንድ ሰው ታሪክ ነገርኳቸው። ዛሬ ለእናንተም የምነግራችሁ ያንኑ ነው።

ሰውዬው ኮኖሱኬ ማትሱሺታ ይባላል። ስሙ ለአፍ ይከብዳል፤ ዕቃውን ግን ታውቁታላችሁ። በኔ ዕድሜ ያላችሁ፣ አገር ቤት አባቶቻችን በቆዳ ማኅደር ጠቅልለው ከራስጌ የሚያስቀምጡት፣ «ናሽናል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሬድዮ ትዝ ይላችኋል። በኋላ «ፓናሶኒክ» እየተባለ የመጣውም የዚሁ ሰው ድርጅት ሥራ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ። አንቱ ልለውም ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ታሪኩን የምጀምረው ከልጅነቱ ስለሆነ አንተ እያልኩ እንድቀጥል ይፈቀድልኝ።

ኮኖሱኬ ኖቬምበር 27 ቀን 1894 በጃፓን ዋካያማ በሚባል አገር ተወለደ። ከስምንት ልጆች የመጨረሻው ነበር። አባቱ መሬት ያላቸው የተከበሩ ሰው ነበሩ፤ ይሁን እንጂ የሩዝ ዋጋ ይወጣል ይወርዳል እያሉ በሚነግዱበት ገበያ ገብተው በ1899 መሬታቸውንም ቤታቸውንም አጡ። ቤተሰቡ ወደ ከተማ ወርዶ የእንጨት ጫማ የሚሸጥበት ሱቅ ከፈተ፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ተዘጋ። በ1904 ልጁ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ ትምህርቱን አቋርጦ ኦሳካ ከተማ ለሥራ ተላከ። እናቱ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኙት። ልጅን በዚያ ዕድሜ ለብቻው መሸኘት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ለተሰበሰብነው ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የመጀመሪያው ሥራው የከሰል ማንደጃ በሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ነበር። ማንደጃ ይወለውላል፣ የጌታውን ልጅ ያዝላል። ማታ ማታ እናቱን እያሰበ ያለቅስ ነበር። በኋላ ራሱ ሲያወራ፣ ለቅሶው የቆመው የመጀመሪያ ደመወዙን አምስት ሴን ሳንቲም የተቀበለ ዕለት ነው። ያን ያህል ገንዘብ በእጁ ይዞ አያውቅም ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ያ ሱቅ ተዘግቶ ወደ ቢስክሌት ነጋዴ ቤት ተዛወረ። ቢስክሌት በዚያ ዘመን ከውጭ የሚመጣ የሀብታም ዕቃ ነበር፤ ሲበላሽ ደግሞ እዚያው መጠገን ነበረበት። ስለዚህ ልጁ ብረት መቅጥቀጥንና ቶርኖ ማሽን መያዝን ተማረ።

እዚያ ሳለ ያደረጋት አንዲት ነገር አለች። ቢስክሌት ሊያስጠግኑ የመጡ ደንበኞች እየጠበቁ «አንተ ልጅ፣ ሲጋራ ገዝተህ ና» ይሉታል። በየጊዜው እጁን ታጥቦ መሮጥ ሰለቸው። ሃያ ፓኬት በአንድ ጊዜ ሲገዛ አንድ ፓኬት በምርቃት እንደሚሰጥ ደረሰበትና አስቀድሞ እየገዛ ማስቀመጥ ጀመረ። ደንበኛው አይጠብቅም፣ እሱም አይሮጥም፣ አንዷ ፓኬት ትርፍ ሆነች። ሆኖም የሱቁ ልጆች ቀኑበትና ጌታው «ይቅርብህ» ብለው አስተዉት። ይህቺን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ ትርፏ ላይ ያቆማሉ። እኔ ግን መጨረሻዋን ነው የምወደው፤ አብረውህ የሚሠሩት ሰዎች ካኮረፉ ትርፍ ብቻውን የትም እንደማያደርስ ያኔ የገባው ይመስለኛል።

እናቱና እኅቱ በኋላ ኦሳካ ሲመጡ እኅቱ የምትሠራበት መሥሪያ ቤት ለተላላኪ ልጅ ክፍት ቦታ ተገኘ። ቀን ተልኮ ማታ ይማር ብለው እናቱ ፈለጉ። አባቱ ግን አይሆንም አሉ፤ ንግዱን ጠንቅቆ ከተማረ የተማሩ ሰዎችን ቀጥሮ ማሠራት ይችላል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። እንግዲህ ይህን ያሉት ራሳቸው በንግድ ሀብታቸውን ያጡ ሰው መሆናቸውን ልብ በሉ። እናት ደመወዝ፣ አባት ንግድ። ይህ ክርክር በእኛ ቤት ብቻ ያለ መስሏችሁ ከሆነ፣ የዛሬ መቶ ዓመት በፊት ኦሳካም ነበረ። አባቱ በ1906 አረፉ። ልጁ ያኔ ገና አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር።

የኤሌክትሪክ ትራም በኦሳካ ጎዳናዎች መሄድ ሲጀምር ኮኖሱኬ የቢስክሌት ዘመን ሳያልፍ ወደ ኤሌክትሪክ መግባት እንዳለበት አሰበ። በ1910 በኦሳካ መብራት ኩባንያ ረዳት ገመድ ዘርጊ ሆኖ ተቀጠረ። በሥራው ፈጣን ስለነበር በ22 ዓመቱ ተቆጣጣሪ ሆነ። ተቆጣጣሪ ማለት ሌሎች የዘረጉትን መስመር ቤት ለቤት እየዞረ የሚያይ ነው። ሥራው በቀን ሁለትና ሦስት ሰዓት አይፈጅም፤ ማዕረጉ ደህና ነው፣ ድካም የለውም። ደስ ሊለው ሲገባ ሰለቸው። በዚያ ላይ ሳንባው ደካማ ነበር። ወንድሞቹና እኅቶቹ አንድ በአንድ እየሞቱበት ነበር። በቀን ሒሳብ የሚከፈለው ሰው ታሞ ሲተኛ ደመወዙም አብሮ ይተኛል።

በትርፍ ሰዓቱ የተሻሻለ የአምፑል ሶኬት ሠርቶ ለአለቃው አሳየው። አለቃው አገላብጦ አየና አይረባም አለው። ኮኖሱኬ ከኩባንያው ሲወጣ ያንን አለቃ ስህተተኛ ለማድረግ ቆርጦ ነበር የወጣው። ኋላ ግን የመጀመሪያው ሶኬት በእርግጥም ጉድለት እንደነበረው ራሱ አምኗል። አለቃው እውነቱን ነበር ማለት ነው! እኔ ይህን ሳነብ ብዙ ሳቅሁ፤ ሰው በተሳሳተ ምክንያት ተነስቶም ትክክለኛ ቦታ ይደርሳል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። በ1917 ሥራውን ሲለቅ የስንብት ክፍያውና የቆጠበው ሁሉ ተደምሮ 100 የን አይሞላም። አንድ ደህና ማሽን ብቻውን ያን ያህል ያወጣል። ከአንድ ወዳጁ ሌላ 100 የን ተበደረ። ቤቱ ሁለት ትንንሽ ክፍሎች ነበሩት፤ የአንዱን ወለል አንስተው ፋብሪካ አደረጉት፤ በቀረችው ተኙባት። ሠራተኞቹ ሚስቱ ሙሜኖ፣ የሚስቱ ወንድም ቶሺዮ ኢዌ፣ ገና የአሥራ አራት ዓመት ልጅ፣ እና ከመብራት ኩባንያ የተከተሉት ሁለት ጓደኞቹ ናቸው። ከመካከላቸው የሶኬቱን ጥቁር መሸፈኛ፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፈውን ማለቴ ነው፣ ከምን ከምን እንደሚቀላቀል የሚያውቅ አንድም አልነበረም። ሌሎች ፋብሪካዎች የጣሉትን ስባሪ እየለቀሙ ምን እንዳለበት ለማወቅ ይሞክሩ ነበር። በመጨረሻ ያስተማራቸው አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባ ነው።

ሶኬቱ በመከር ወራት አለቀ። ኦሳካን አሥር ቀን ዞረው የሸጡት መቶ ያህል ብቻ ነው፤ የተገኘው ገንዘብ አሥር የን አይሞላም። ሁለቱ ጓደኞቹ ቤተሰብ ስላላቸው ሌላ ሥራ ፍለጋ ሄዱ። እኔ በእነሱ አልፈርድም። ሙሜኖ ኪሞኖዎቿንና ጌጦቿን እያስያዘች ገንዘብ ተበደረች። ወጣቶች ሆይ፣ ስለ እሱ የተጻፈ ሁሉ ስለ እሱ ብልሃት ያወራል፤ ያን ክረምት ያሻገረችው ግን የሚስቱ የልብስ ሣጥን ናት።

ዲሴምበር ላይ ያልታሰበ ነገር መጣ። አንድ የአየር ማራገቢያ የሚሠራ ኩባንያ በሸክላ ፈንታ ከዚያ ጥቁር ቅልቅል የተሠራ የማራገቢያ መቀመጫ ሳህን ፈለገ፤ 1000 ፍሬ፣ ባስቸኳይ። ኮኖሱኬና የሚስቱ ወንድም ሁለት ብቻ ሆነው ሌት ተቀን ሠርተው አስረከቡ። 160 የን ተከፈላቸው፤ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ትርፍ ነበር። እንግዲህ ያዳነው ሥራውን ያስለቀቀው ሶኬት አይደለም። ሶኬቱን ለመሥራት ሲል የተማረው ቅልቅል ነው።

ከዚያም ማርች 7 ቀን 1918 ሰፋ ያለ ቤት ተከራይቶ ድርጅቱን በይፋ ከፈተ። በዚያን ዘመን በጃፓን አብዛኛው ቤት በግድግዳው ላይ ሶኬት አልነበረውም። ኤሌክትሪክ የሚገኘው ከጣሪያ ከተንጠለጠለችው አንዲት አምፑል ቦታ ብቻ ነው። ኮኖሱኬ አምፑሉ ተፈትቶ በቦታው የሚታሰር ስፒና ሠራ። ከተጣሉ አምፑሎች መቀመጫውን እየፈታ ስለተጠቀመበት ከሌላው ሰው በ30 በመቶ ያህል አርክሶ ሸጠ። ቀጥሎ ባለ ሁለት አፍ ሶኬት አመጣ፤ በአንዱ አምፑሉ ይበራል፣ በሌላው ካውያ ይሠራል። ዛሬ ዲቫይደር የምንለው ነገር የሩቅ ዘመድ ነው። ይህ ትልቅ ሳይንስ አይደለም። ነገር ግን ሰውዬው ሰባት ዓመት በየሰው ቤት ጣሪያ ሥር በመሰላል ላይ ቆሞ የኖረ ስለሆነ የቤት እመቤቶች የሚቸገሩበትን ያውቅ ነበር።

ስለዚያ ቅልቅል አንድ ነገር ልጨምር። ሌሎች ፋብሪካዎች ምስጢሩን የሚያውቀው ባለቤቱና የቅርብ ዘመዱ ብቻ ነበር። እሱ ግን ትናንት ለተቀጠረው ሠራተኛም አሳየው። ሰዎች ሞኝ ነህ አሉት። እሱ ምስጢር ሲጠብቅ ከመዋል ሰውን ማመን ይሻላል አለ። እኔ በዚህ ነገር ራሴን ታዝቤያለሁ። የምጣዴን ሽቦ ርዝመት ለአሥር ዓመት ለሠራተኞቼ ሳልነግር ራሴ እየለካሁ እቆርጥ ነበር። በነገራችን ላይ ከአገር ቤት ያመጣችሁት ምጣድ እዚህ ቶሎ የሚቃጠልባችሁ ለዚህ ነው፤ አገር ቤት መብራቱ 220 ቮልት ነው፣ እዚህ 240 ይባላል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ ያው ሽቦ እዚህ በአንድ አምስተኛ ያህል የበለጠ ኃይል ይስባል። ስለዚህ ሽቦው መርዘም አለበት። ይኸውላችሁ፣ ምስጢሬን ዛሬ በአደባባይ ነገርኳችሁ።

በ1923 የጥይት ቅርጽ ያለው የቢስክሌት መብራት ሠራ። የቀድሞዎቹ መብራቶች በባትሪ ድንጋይ ሁለትና ሦስት ሰዓት ቢያበሩ ነው፤ የሱ ከ30 እስከ 50 ሰዓት ያበራል። ጅምላ ነጋዴዎቹ ግን ማንም አላመነውም። የባትሪ መብራት የተባለ ነገር ስሙ ጠፍቶ ነበርና። ስለዚህ በየቸርቻሪው ሱቅ እየዞረ መብራቱን በነጻ ሰጠ፤ አንዱን አብርታችሁ ተዉት፣ የተባለውን ያህል ከበራ ገንዘቤን ትከፍሉኛላችሁ፣ ካልበራ ምንም የለብኝም አላቸው። ይህ ብልጠት ይመስላል። ነገር ግን መብራቱ አሥር ሰዓት ላይ ቢጠፋ ኖሮ ሰውዬው በዚያው ሳምንት ይከስር ነበር። አራት ማዕዘን የሆነውን ሁለተኛውን መብራት በ1927 «ናሽናል» ብሎ ሰየመው። ያን ጊዜ ደግሞ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራለትን ሰው 10,000 ድንጋይ በነጻ ስጠኝ አለው። ሰውየው ደነገጠ። ኮኖሱኬ ግን በዓመቱ መጨረሻ 200,000 ካልሸጥኩልህ ዋጋውን እከፍልሃለሁ ብሎ ቃል ገባ። የሸጠው 470,000 ነበር።

አሁን እኔ በግሌ ወደሚያስጨንቀኝ ቦታ ደርሻለሁ።

በ1929 መጨረሻ የዓለም ገበያ ወደቀ። የማትሱሺታ ሽያጭ በግማሽ ቀነሰ፣ መጋዘኑ ዕቃ ማስቀመጫ አጣ። ባለቤቱ ታሞ አልጋ ላይ ነበር። የሚስቱ ወንድምና ሌላ ኃላፊ መጥተው ከሠራተኛው ግማሹን ከመቀነስ በቀር መፍትሔ የለም አሉት። እሱ አልጋው ላይ ሆኖ የሰጣቸው ውሳኔ ይህ ነው፤ ምርቱ ዛሬውኑ በግማሽ ይቀነስ፣ ፋብሪካው ግማሽ ቀን ይሥራ፣ አንድም ሠራተኛ ግን አይሰናበት፣ ደመወዙም ሙሉ ይከፈል። በተረፈው ጊዜ፣ በዕረፍት ቀንም ጭምር፣ ሁሉም ሰው ወጥቶ መጋዘን ያለውን ዕቃ ይሽጥ። በሁለት ወር አካባቢ መጋዘኑ ባዶ ሆነ።

እኔ በ2000 እዚሁ ናይሮቢ ሦስት ሠራተኞች ነበሩኝ። ድርቁ ግድቦቹን አድርቆ መብራት በፈረቃ የሆነበትን ዓመት የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። ቀን መብራት በሌለበት ከተማ የኤሌክትሪክ ምጣድ ማን ይገዛል? ሁለቱን አሰናበትኳቸው። የወሰነልኝ ሒሳቡ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። አንዱን ከዓመት በኋላ ፈልጌ መልሼ ቀጠርኩት። ሁለተኛው አገሩ ገብቷል አሉኝ፤ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። የማትሱሺታን ታሪክ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀድሜ ባነበው ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም። ግማሽ ቀን አሠርቼ ሙሉ ለመክፈል የሚሆን ገንዘብ አልነበረኝም። ግን አልጠየቅኋቸውም። በግማሽ ደመወዝ አብረን እንክረም ወይ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ከሁሉ የሚቆጨኝ ይኸኛው ነው።

ሰውዬውን መልአክ አድርጌ እንዳልሸጥላችሁ ደግሞ የቀረውን ልንገራችሁ። በጦርነቱ ጊዜ ወታደሮቹ ሲያዝዙት ከእንጨት መርከብና አውሮፕላን የሚሠሩ ኩባንያዎች አቋቋመ። ጃፓን ተሸንፋ አሜሪካኖች ሲገቡ በ1946 ከኃላፊነት እንዲወርድ ተወሰነበት። ያን ጊዜ እንዲቆይ ፊርማ አሰባስቦ የለመነለት የገዛ ሠራተኞቹ ማኅበር ነው። በዚያ ዘመን ሠራተኞች ባለቤቱ ይውረድልን እያሉ በሚሰለፉበት አገር ይህ ያልተለመደ ነበር። እገዳው በ1947 ተነሳለት። ሆኖም ዕዳው ተከምሮ፣ ግብር መክፈል አቅቶት ስሙ በጋዜጣ እስከ መነሳት ደረሰ፤ በ1950 ደግሞ ከ500 በላይ ሠራተኞች ከድርጅቱ እንዲለቁ ሆነ። በ1929 ያላደረገውን ከሃያ ዓመት በኋላ አደረገው ማለት ነው። ብዙ ተናጋሪ ይህን ይዘለዋል። እኔ አልዘለውም፤ ከ1929ኙ ይልቅ ለእኔ የሚቀርበኝ የ1950ው ሰው ነውና።

የሚስቱ ወንድም ቶሺዮ ኢዌ በዚሁ ጊዜ ለብቻው ወጣ። ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ አብሮ የሠራ፣ በዘመድነትም በሥራም የተሳሰረ ሰው ነው። በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መለያየት ስንት ሽማግሌ እንደሚያስቀምጥ፣ ስንት ሠርግ ላይ እንደሚያኳርፍ ታውቃላችሁ። ማትሱሺታ ግን የቢስክሌት ዲናሞ መብራት እንዲሠራ የራሱን አንድ ፋብሪካ ሰጠው። ኢዌ በ1947 የከፈተው ድርጅት ሳንዮ የተባለው ነው። ሁለቱ ድርጅቶች ስድሳ ዓመት ያህል በገበያ ሲፎካከሩ ኖረው በ2009 ሳንዮ በፓናሶኒክ እጅ ገባ።

ከዚያ በኋላ ያለው ትልቅነት ነው፤ ትልቅነት ደግሞ እንደ ድህነት ለወሬ አይጣፍጥም፤ ስለዚህ ቶሎ ልለፈው። በ1952 ከሆላንዱ ፊሊፕስ ጋር ሲሻረኩ ፊሊፕስ ለቴክኒክ ትምህርቱ 7 በመቶ ጠየቀ። ማትሱሺታ ተከራክሮ 4.5 አደረሰው፤ ከዚያም እኔ ደግሞ ድርጅቱን አስተዳድራለሁና የአስተዳደር 3 በመቶ ይገባኛል ብሎ አስፈረማቸው። አራተኛ ክፍል ሳይጨርስ ከትምህርት ቤት የወጣ ልጅ መሆኑን አትርሱ። በ1961 ከፕሬዚዳንትነት ወርዶ ለልጁ ባል አስረከበ፤ ብቸኛው ወንድ ልጁ ገና በጨቅላነቱ በ1927 ሞቶበት ነበር። በ1964 ገበያው ሲበላሽ ከ170 ያህል አከፋፋዮቹ ትርፍ ያላቸው ሃያ ገደማ ብቻ ሆኑ። አታሚ በሚባል ከተማ ሰበሰባቸው። ሁለት ቀን እሱ እነሱን፣ እነሱ እሱን ሲወቅሱ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ሰባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሽማግሌ ተነስቶ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሎ በፊታቸው አለቀሰ። ቀጥሎም የታመመውን የሽያጭ ኃላፊ ተክቶ ወደ ሥራ ተመለሰ። ኤፕሪል 27 ቀን 1989 በ94 ዓመቱ አረፈ። ድርጅቱ በ2008 የመሥራቹን ስም ትቶ ስሙን ፓናሶኒክ አደረገ።

ወደ እኛ ሰፈር የመጣበትንም ላንሳ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ይኸው ድርጅት ዳሬሰላም ላይ የባትሪ ድንጋይ ፋብሪካ አቋቋመ። መብራት ባልገባበት የገጠር ቤት ሬድዮ የሚናገረው፣ ማታ የሚበራው በዚያ ድንጋይ ነው። የድንጋዩ ኃይል ሲያልቅ ፀሐይ ላይ እያሰጣን እናታልለው እንደነበር የምታስታውሱ እጃችሁን አውጡ። አዎ፣ ብዙ ነን! እንግዲህ በዚያች አንድ ክፍል ውስጥ ወለል አንስቶ የተጀመረው ነገር እኛ ልጅ ሆነን የምንሰማውን ዜና እስከ ማሰማት ደርሷል። ዛሬ የእኒያ እናት ልጅ ሊሠራው የሚፈልገው የፀሐይ መብራትም የሚገባው በዚያው መብራት በሌለበት ቤት ነው።

ወደ እናትየው ልመለስ። ታሪኩን ጨርሼ ሻያችንን ስንጠጣ እርሳቸው ዝም ብለው ቆዩና «እሱስ ሚስት ነበረችው፤ የኔ ልጅ ማን ኪሞኖ ያስይዝለታል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በሳምንቱ ልጁን አስጠራሁት። ሥራህን ልቀቅም አትልቀቅም አላልኩትም፤ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቅሁት። መብራቱን እስከ ዛሬ ለስንት ሰው ሸጥክ? ለወዳጅና ለዘመድ ካልሆነ ለአምስት አለኝ። ከአምስቱ ስንቱ እስከ ዛሬ ይበራል? አላውቅም አለኝ። ስንት ወር የሚያቆይህ ገንዘብ አለህ? አራት አለኝ። እንግዲያው ደመወዝህ ሳይቋረጥ ቅዳሜና እሑድ ወርክሾፔ ጥግ ላይ ጠረጴዛ አለልህ፤ አርባ መብራት ሥራና በማቻኮስ መንገድ ላይ ላሉ ቸርቻሪዎች አብርተህ ተውላቸው፣ በነጋታው ሳይሆን በወሩ ሄደህ እይ አልኩት።

እስካሁን ሃያ ሦስት ሠርቷል። ስድስቱ ተመልሰው መጥተዋል፤ አራቱ ውሃ ገብቶባቸው ነው፣ ሁለቱ የቻርጅ መሙያው ሽቦ ብየዳ ለቆ። የቀሩት አሥራ ሰባቱ ትናንት ማታ ድረስ ይበሩ ነበር። ባለ ሱቆቹ የዘጠኙን ከፍለዋል። እናቱ አሁንም አልተስማሙም፤ ነገር ግን ባለፈው ቅዳሜ ለሁለታችን ምሳ ቋጥረው ላኩ፤ ሽሮው ዘይቱ በዝቶ ነበር እንጂ ደህና ነው።

መብራቶቹን ከአዳራሹ በስተኋላ፣ ከቡናው ጠረጴዛ አጠገብ ደርድሯቸዋል። ሲመሽ ያበራቸዋል። ውሃ ያላስገቡትን ግዙለት፤ የገባባቸውንም አገላብጣችሁ እዩና ጉድለቱን ንገሩት።